«ልጄ ቤት ለመሄድ ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ?»

ጥያቄ፦

ዕድሜዬ 61 ነው። ሁለት ልጆቼን ብቻዬን ነው ያሳደግኩት፤ የማንንም ደጅ ሳልጠና። ወንዱ አግብቶ ሁለት ወልዷል፤ ሴቷም የአንድ ልጅ እናት ናት። ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት ሰርፕራይዝ ላድርጋቸው ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ሻንጣዬን ይዤ ወንዱ ልጄ ቤት ሄድኩ። እስከ እሁድ ማታ ልቆይ ነበር ሐሳቤ። በሩን የከፈተችው ምራቴ ናት፤ ገና በቢጃማ ነበረች። «እንኳን ደህና መጡ» አለች እንጂ ፊቷ ጠቆረ። ዓይኗ ሻንጣዬ ላይ ነው የቀረው። ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ስሞኝ እንኳን ሳይጨርስ «እማዬ፣ ብትደውዪልኝ ኖሮ» አለኝ። እሷ ኩሽና ገብታ ዕቃ ስታንኳኳ ይሰማኛል። እኔም ቤተሰቡ ይሰብሰብ ብዬ ሴቷ ልጄ ጋ ደወልኩና «ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። መጣች፤ ሁለት ሰዓት ሳትቀመጥ ሄደች። ትልቁ የልጅ ልጄ ከታብሌቱ ቀና ብሎ አላየኝም። ማታ ልጄና ሚስቱ በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እሁድ በጠዋት ተነሳሁ። የአራት ዓመቷ ትንሿ አንድ እግር ጫማዬን ደብቃ አዘገየችኝ እንጂ ከዚያም በፊት እወጣ ነበር። «ቆዪ» ያለኝ ሰው የለም። ለልጄ ምንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ። ለእህቱ ግን ነገርኳት። ደውላ ተቆጣችው፤ አሁን እሱና ሚስቱም ተጣልተዋል አሉ። መጥተው ካልወሰዱኝ በቀር እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም። እናት ሆኜ ልጄ ቤት ለመሄድ ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ? ጥፋቱስ የማን ነው?

ያዘነች እናት

መልስ፦

እናቴ ብዬ ልጀምር፤ ሌላ አጠራር አፌ አልል አለኝ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አዘንኩልዎ። ናፍቆ መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ፣ የከፈተው ሰው ዓይን ሻንጣ ላይ ሲቀር ማየት ያማል። በሁለተኛው ግን እርሳስ ይዤ ነበር። ስለ ምራትዎ የጻፉትን አሰመርኩበት፦ ቢጃማዋ፣ ፊቷ፣ ዓይኗ፣ የዕቃው ኳኳታ፣ ሹክሹክታው። ስለ ትንሿ የልጅ ልጅዎ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አዘገየችኝ የሚል ወቀሳ። ደግሞ እዚያው ቀጥለው «ቆዪ ያለኝ ሰው የለም» ይላሉ። ጫማ የሚደብቅ ሕፃን ምን እያለ ይመስልዎታል? ወደ ጫማው እመለስበታለሁ።

ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ ላሉት፣ አዎ፣ ይጠይቁ ነው የምለው። ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት ልጠቅስብዎ አይደለም። እናት ልጇ ቤት እንደማንኛውም እንግዳ ናት ብዬም አላምንም። ምክንያቴ ሌላ ነው፤ ያገኘሁትም እርስዎው ደብዳቤ ውስጥ ነው።

ገና ሲጀምሩ «የማንንም ደጅ ሳልጠና» ብለዋል። ለጥያቄው አያስፈልግም ነበር። ስለ አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚጽፉልኝ፤ ልጆቹን እንዴት እንዳሳደጉ ማን ጠየቀዎት? ግን ጻፉት። ሰው ሳይጠየቅ የሚናገረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ነገር ነው።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሁለት ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ ሰው መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል። አንዱ እምቢ ይላል፣ አንዱ እሺ ብሎ ዕድሜ ልክ ያስታውስዎታል። ስለዚህ ቀስ በቀስ አለመጠየቅን ይለምዳል። በሩን ሳያንኳኳ፣ እጁን ሳይዘረጋ፣ እንደምንም ብሎ ያልፈዋል። እርስዎም በዚህ መንገድ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ማንም የማይነጥቅዎ ክብር ነው። ነገር ግን ያ ዘመን አልፎም ልማዱ አብሮዎት ቀርቷል። ልጅዎ ጋ ደውለው «ናፍቃችሁኛል፣ ልምጣ ወይ?» ማለት ደጅ እንደ መጥናት ሆነብዎ።

ለዚህ ነው ሰርፕራይዝ የመረጡት ብዬ የምገምተው። ሰርፕራይዝ የሚያደርግ ሰው አይጠይቅም። ያልጠየቀን ሰው ደግሞ ማንም እምቢ አይለውም። እናቱ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣ ይዛ በር ላይ ቆማ «በዚህ ሳምንት አይመቸንም» የሚል ልጅ የት አለ? በሩ መከፈቱ አይቀርም።

ሆኖም እምቢ ማለት ያልቻለ ሰው እሺ አለ አይባልም። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ፤ «በእርግጥ ፈልገውኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ሊመለስም አይችልም ነበር፤ አልተጠየቀማ። ስለዚህ መልሱን በሌላ መንገድ መፈለግ ጀመሩ፦ በፊቷ፣ በዓይኗ፣ በዕቃው ድምፅ፣ በተዘጋው በር። ቤቱ ሳይታወቅ የፈተና ክፍል ሆነ። ፈታኟ እርስዎ ነዎት። ተፈታኞቹ ግን እየተፈተኑ መሆናቸውን አያውቁም። በቢጃማ በር የከፈተ ሰው እንዲህ ያለውን ፈተና እንዴት ያልፈዋል?

በእርግጥ እኔ በግሌ ሰርፕራይዝ አልወድም፤ ባለቤቴ ታውቃለች። ትንሽ አዳልቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ደግሞ አንዴ በምራትዎ ዓይን ሻንጣውን ይዩት። ሳምንቱን ሙሉ ሮጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ያቺን አንድ ሰዓት አገኘች። በሩ ተንኳኳ። የባሏ እናት፣ ከነሻንጣቸው። ቤቱ አልተጠረገም፣ ልጆቹ አልታጠቡም፣ እሷም ፊቷን አልታጠበችም። ዓይኗ ሻንጣው ላይ ሲቀር «ስንት ሌሊት ይሆን? የት ላስተኛቸው?» እያለች እያሰላች ሊሆን ይችላል። አማት ፊት ያልተሰናዳ ቤት ይዞ መገኘት ለብዙ ሴቶች እንደ መጋለጥ ነው። የጠቆረው ፊት ንቀት ይሁን ሀፍረት፣ ከበሩ ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም። እርስዎ ግን ወዲያው ንቀት ነው ብለው ፈረዱ።

ሌላም ነገር አለ። ሴቷን ልጅዎን «ልጅሽን ይዘሽ ነይ» ብለው የጠሯት ወደ ማን ቤት ነው? የሐሳብዎ ደግነት አይጠፋኝም፤ ልጆችና የልጅ ልጆች አንድ ሳሎን ውስጥ ሆነው ማየት ፈለጉ። ነገር ግን ኩሽና ውስጥ ላለችው ሴት ሌላ እንግዳ ከነልጇ ተጨመረባት፤ የጠራችውም እሷ አይደለችም። ዕቃው የተንኳኳው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ ልብ ብለዋል?

ልጅዎን ነጻ አላወጣውም። እናቱን ስሞ ሳይጨርስ «ብትደውዪልኝ ኖሮ» ማለት አያምርም። ለማታ ሊያቆየው ይችል ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስንት ጊዜ «ነይ» እንዳለዎት በደብዳቤው የለም፤ ብዙ ጊዜ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይጽፉልኝ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። እሱ ቢጽፍልኝ ለእሱም የምለው አላጣም። የጻፉልኝ ግን እርስዎ ነዎት።

ስለ ጡረታው ትንሽ ልበል። ጡረታ የወጣ ሰው ከደመወዙ ሌላ የሚቀርበት ነገር አለ፤ የሚጠበቅበት ቦታ። ለዓመታት ጠዋት ሲገቡ «ልምጣ ወይ?» ብለው አልጠየቁም፤ ቢቀሩ ግን «የት ቀሩ?» የሚል ነበር። አሁን ያ ሰው የለም። አያትነት ያንን ቦታ ወዲያው ይሞላዋል ብለን እናስባለን። በ1964 በርኒስ ኒውጋርተን እና ካሮል ዋይንስታይን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች 70 ጥንድ አያቶችን አነጋግረው ነበር። አያትነት አንድ መልክ እንደሌለው አዩ፤ አንዱ እንደ ልጅ አብሮ የሚጫወት፣ አንዱ ቦታውን ጠብቆ የሚቀመጥ፣ አንዱ በበዓል ብቻ ብቅ የሚል። ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ፣ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት አያትነቱ በሆነ መልኩ የከበዳቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ ግር ቢልዎ ብቻዎን አይደሉም። እናት መሆንን ያውቁበታል። በሌላ ሴት ቤት አያት መሆን ግን አዲስ ሥራ ነው፤ ገና አምስተኛ ወርዎ ነው።

የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ክፍል ደግሞ ወደ ልጅ ልጆች የሚወስደው መንገድ በወላጆቻቸው በኩል ማለፉ ነው። በተለይ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ። ከምራትዎ ጋር የተኳረፉ ዕለት ከትንሿም ጋር ተራርቀዋል፤ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ አትመጣልዎ።

እና «መጥተው ካልወሰዱኝ እግሬ አይረግጥም» ያሉት። ይሄ ሁለተኛው ፈተና ነው። ይሄንንም አልነገሯቸውም። እነሱ ምናልባት «እማዬ ተቀይማለች፣ ትንሽ ይብረድላት» ብለው ተቀምጠዋል። እርስዎ በበኩልዎ በየቀኑ ስልኩን እያዩ ነጥብ ይቀንሳሉ። ሦስት ሳምንት።

ምን ይደረግ? ከሩቅ ሆኖ ይህን አድርጉ ማለት ቀላል ነው፤ ስለዚህ የምለውን እንደ ሐሳብ ይያዙት። መጀመሪያ ነገሩን ከሴቷ ልጅዎ ትከሻ ላይ ቢያወርዱት ጥሩ ይመስለኛል። ሙሬይ ቦወን የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው እንደሚጎተት ደጋግሞ ጽፏል። ሦስተኛው ሰው ሲገባ ለጊዜው ይቀላል፤ የሁለቱ ጉዳይ ግን እዚያው እንዳለ ይቀራል። እርስዎም ለእህቱ ተናግረው ቀለልዎት፤ እሷ ወንድሟን ተቆጣች፤ እሱ ከሚስቱ ተጣላ። አራት ሰው ተኳርፎ እናትና ልጅ ገና አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ስለዚህ ለራሱ ይደውሉለት። ስለዚያ ቅዳሜ ማብራሪያ አይጠይቁት፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ስልክ። «ናፍቃችሁኛል። መቼ ብመጣ ይመቻችኋል?» ይበቃል። ከአፍዎ ለማውጣት እንደሚከብድ እገምታለሁ፤ ለብቻዎ ሆነው ጮክ ብለው ቢለማመዱትም አያሳፍርም። «በዚህ ሳምንት አይመችም» ሊል ይችላል። ያኔ ስልኩን አይዝጉ፤ «እሺ፣ ታዲያ መቼ?» ይበሉ። የሚሰጥዎ ቀን በሰርፕራይዝ ሊያገኙት የማይችሉት ነገር ነው፤ መርጦ የሰጠዎት ቀን። ለምራትዎም አንድ ቀን «ያን ጊዜ ሳልነግርሽ መጥቼ አስደነገጥኩሽ» ቢሏት ብዙ ነገር ይለሰልሳል ብዬ አስባለሁ። ቀኑን እርስዎ ያውቁታል፤ አይቸኩሉ። ትልቁ ልጅም ከታብሌቱ ቀና እስኪል ጊዜ ይስጡት፤ አጠገቡ ተቀምጠው ምን እንደሚጫወት ይጠይቁት፣ ምንም ባይገባዎትም።

ካልሆነ፣ ወይም ስልኩ እንደገና ወደ ወቀሳ ከዞረ፣ ከልጅዎ ጋር ሆነው አንድ የቤተሰብ አማካሪ ጋ ፊት ለፊት ቢቀመጡ እመርጣለሁ። እኔ የአንድ ወገን ደብዳቤ ነው ያነበብኩት። ከጡረታው ወዲህ እንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት ከራቀዎት፣ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ኩርፊያ ነው ብለው አይለፉት፤ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።

ወደ ጫማው ልመለስ። ትንሿ የልጅ ልጅዎ አያቷ እንዲቆዩ ፈለገች። «ቆዪ» ብላ ብትጠይቅ «አይ፣ እሄዳለሁ» ልትባል ትችላለች። ስለዚህ አልጠየቀችም፤ እምቢ ማለት የማይቻልበትን ዘዴ ፈለገች። አንድ እግር ጫማ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። እናቴ፣ ይሄን ዘዴ ከየት አገኘችው? እርስዎ ሻንጣ ይዘው መጡ፣ እሷ ጫማ ደበቀች፤ ሁለታችሁም አንድ ሥራ ነው የሠራችሁት። ለአራት ዓመት ልጅ ያምርባታል።

ጫማው በመጨረሻ የት እንደተገኘ አልጻፉልኝም። ሲደውሉ ስልኩን ለእሷም እንዲሰጧት ይጠይቁና የት ደብቃው እንደነበር ትንገርዎት።