ምኒልክን ሦስት ጊዜ ማግኘት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር የነገሥታቱን የሕይወት ታሪክ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጀምሬ በዘመን ተራ እያነበብሁ መሆኔን ጽፌ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ደብዳቤ መጣ፤ ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ለምን ከቴዎድሮስ? ከእርሳቸው በፊት ንጉሥ አልነበረም?

መልስ፦ ሞልቶ! ነገር ግን የቀደሙት ዜና መዋዕሎች የተጻፉት በግእዝ ነው። የንጉሥ ዜና መዋዕል በአማርኛ የምናገኘው ከቴዎድሮስ ወዲህ ነው፤ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፏቸው ለዚህ ምስክር ናቸው። የዘመኑ ሰው አንደበት ያለ አስተርጓሚ ይደርስዎታል። ግእዝ የሚያውቁ ከሆነ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ እኔ በቅናት እሸኝዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ዐፄ ዮሐንስን ጨርሼ ምኒልክን ስጀምር ወደ ኋላ የተመለስሁ መሰለኝ። ተራውን አሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አላሳሳቱም፤ ግን በእርግጥም ተመልሰዋል። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ተወለዱ። ቴዎድሮስ በ1848 ሸዋን ሲይዙ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩና ማርከው ወሰዷቸው። በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ላይ ነገሡ። ዮሐንስ ከ1864 እስከ 1881 ዙፋን ላይ ሲቀመጡ እርሳቸው የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። ስለዚህ በንግሥ ተራ የሚያነብ ሰው ምኒልክን ሦስት ጊዜ ያገኛቸዋል፤ መጀመሪያ ምርኮኛ ልጅ፣ ቀጥሎ ተቀናቃኝ ንጉሥ፣ በመጨረሻ የዙፋኑ ባለቤት ሆነው።

በተራ ማንበብን የወደድሁት በዚሁ የተነሣ ነው። ሁለቱ ነገሥታት ሸዋ ውስጥ ልቼ ላይ ያደረጉትን የ1870 እርቅ ይውሰዱ፤ ምኒልክ ለመገዛታቸው ምልክት ድንጋይ ተሸክመው ለዮሐንስ ገበሩ ይባላል። ለዮሐንስ ያደላ ጸሐፊ ይህን ገጽ የድል ጫፍ ያደርገዋል። ለምኒልክ ያደላው ደግሞ ቀን እስኪያልፍ ማጎንበስ ነው ይላል፤ ወይም ድንጋዩን ጭራሽ አያነሣውም። ገጹ ላይ ቁራጭ ወረቀት ያኑሩና ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብቧቸው።

ጥያቄ፦ ዓመተ ምሕረቱና የፈረንጁ ዘመን ተምታቱብኝ። ስምንት እየቀነስሁ ብሄድስ?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይሠራም። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጁ 1896፤ ልዩነቱ ስምንት። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ በፈረንጁ 1930 ነው፤ ልዩነቱ ሰባት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይያዙ። አለበለዚያ ንጉሡን ከዓመት በፊት ዘውድ ይጭኑላቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኒልክ የልጅ ልጅና ወራሽ ልጅ ኢያሱ ዘውድ አልጫኑም። ልዝለላቸው?

መልስ፦ አይዝለሉ። ከምኒልክ ቀጥታ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ ከተሻገሩ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 እንዴትና ለምን እንደ ተሻሩ አይገባዎትም። ችግሩ፣ ስለ ኢያሱ ለረጅም ዘመን እንደ ልቡ የተናገረው የሻራቸው ወገን መሆኑ ነው። ስለዚህ እየተጠራጠሩ ያንብቡ። እግረ መንገዴን፣ በቴዎድሮስና በዮሐንስ መካከል የነገሡትን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስንም አይርሱ። እርሳቸውስ ዘውድ ጭነው ነበር፤ ሆኖም ከኢያሱ ይልቅ የሚዘለሉት እርሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ራሳቸው ከጻፉት ብጀምርስ?

መልስ፦ ይጀምሩ፤ ነገር ግን የት ሆነው እንደ ጻፉት ያስቡ። የ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያ ክፍል ከልደታቸው እስከ ስደታቸው ያለውን ይተርካል፤ የጻፉትም እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ነው። ወደ ዙፋናቸው ይመለሱ አይመለሱ ገና አያውቁም ነበር። እንደ ትዝታ ብቻ ሳይሆን እንደ አቤቱታም ያንብቡት፤ ብዙ ቦታ ላይ ድምፁ ይለወጥብዎታል።

ጥያቄ፦ አንድ ወፍራም ዜና መዋዕል ላይ ሦስት ወር ቆሜአለሁ። የዘማቾች ስም ዝርዝር አላሳልፍ አለኝ።

መልስ፦ ዝርዝሩን ይለፉት። እኔም አልፌዋለሁ።