ፖለቲካና ኮረንቲ

የቱሉ ዲምቱዋ ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው። ልብሽ ሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና ላይ ነው። አባትሽ ብር ያለው እዚያ ነው ብለው አካውንቲንግ ይላሉ። ይባስ ብለው «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው፤ ያንቺ ትምህርት እዚያው ነው የሚከትሽ» ብለውሻል።

ስለ ትራንስፖርትና ስለ እንግሊዝኛሽ መጨነቅሽንም አንብቤያለሁ። ትራንስፖርቱን ትለምጂዋለሽ። እንግሊዝኛሽ ስታነቢ ይሻሻላል። የኮረንቲዋን ነገር ግን ማለፍ አቃተኝ።

እኔም ሥነ ጽሑፍ ነው የተማርኩት። አንድ መሥሪያ ቤት 9 ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። አንድ ቀን የውኃ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱና «ያዋጣነው ብር የት ገባ?» አሉ። ሰብሳቢው «አጀንዳው እሱ አይደለም» አላቸው። ሰው ሳቀ። እጅ ወጣ፣ እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ማታ ጉዱ ካሳ ትዝ አለኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ እውነቱን ሲናገር እንደ እብድ ነው የታየው። በስብሰባው የተነሱትን እናትም እንደዚያው ነበር ያደረግናቸው። የአቴንሱን ፈላስፋ ሶቅራጥስንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሞት የፈረደበት ንጉሥ አይደለም። በዕጣ የተመረጡ ዜጎች ድምፅ ሰጥተው ነው። ተማሪው ፕላቶ በዴሞክራሲ የተቀየመው በዚህ ይመስለኛል። እጅ መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ ከእነዚህ መጻሕፍት ነው የገባኝ፤ ከሥልጠና ማኑዋል አይደለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለዱን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» ብለው ጻፉ። አምባሳደርም ሚኒስትርም ነበሩ። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

የአባትሽ ፍርሃት ከሜዳ አልመጣም፤ ያዩት አለ። ግን ኮረንቲ እኮ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ውኃ ሲጠፋ፣ ታሪፍ ሲጨምር በሩቁ የሚባል ነገር የለም። ስለ ብሩም ቢሆን ግማሽ ልክ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ደህና ደሞዝ አትጠብቂ። ግን አካውንቲንግ ተመርቀው ብሎካችሁ ሥር ካርታ የሚጫወቱትን ልጆች ቆጥረዋቸው ያውቃሉ?

ሥነ ጽሑፍን ምረጪ፣ ፍልስፍናውን በኮርስ ውሰጂ። ክረምት ላይ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሥራ ሶፍትዌር ተማሪ፤ ለአባትሽም ለኪስሽም ይሆናል። ሕዝብ ግንኙነት፣ ቅሬታ ሰሚ፣ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ቦታ ሁሉ ጥሩ ጸሐፊ ይፈልጋል። እኔ የበላሁበት እንጀራ ስለሆነ አድልቼ ይሆናል።

የብሎካችሁ ስብሰባ መቼ ነው? ደብተር ይዘሽ ከኋላ ተቀመጪ። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ሲናገር እንደተሳቀ ጻፊ። አባትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ከዚያ የጻፍሽውን ላኪልኝ።