ጠይቁኝ፦ ድሬ ላይ ከጎዳና ውሾችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር 7 ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ ዛሬ ሁሉም እያየ ልመልስ ብዬ ነው። የታመሙና የተጎዱ የጎዳና ውሾችን በምናነሳበት ግቢ 7 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ሐኪም ግን አይደለሁም፣ የመድኃኒት መጠን አትጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ውሻ ከነከሳችሁ ወይ ቁስላችሁን ከላሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ከዛ በዛው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዛሬ ደጋግሜ እላችኋለሁ።

የሳቢያኗ፦ እናንተ ጋ ለመግባት ውሻ መውደድ ብቻ ይበቃል?

አይበቃም እህቴ። ውሻ በጣም የሚወድ ሰው የመጀመሪያ ቀን ሮጦ ሊያቅፍ ይሄዳል፣ የሚነከሰውም እሱ ነው። ፈርቶ የሚመጣው ልጅ ቀስ ስለሚል ቶሎ ይለምዳል። የሚያስፈልገው ትዕግስት ነው፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ መቻል።

የገንደቆሬው፦ እሺ የፈራ ውሻ እንዴት ነው የሚያዘው? እኔ ስጠጋው ይሸሻል፣ ስሸሽ ይከተለኛል።

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ፊት ለፊት አትሂድበት፣ አይኑን ትኩር ብለህ አትየው፣ እላዩ ላይ ጎንበስ አትበል፣ እጅህን ከራሱ በላይ አታንሳ፣ ድንጋይ ልትወረውር ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ስንቴ ተወርውሮበታል። ጎንህን ሰጥተህ መሬት ላይ ቁጭ በል፣ ምግቡን ከራስህ ራቅ አድርገህ አስቀምጥና ሌላ ቦታ እያየህ ዝም በል። ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ከላሰ፣ ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ «ተጨንቄያለሁ» እያለህ ነው፣ ባለህበት ቁም። ጭራ የቆላ ሁሉ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም፣ ጭራው ወደ ላይ ቆሞ በአጭር በአጭሩ የሚርገበገብ ከሆነ ወደኋላ በል።

አንዴ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ አንዲት ቡናማ ውሻ አንገቷ ላይ ሽቦ ገብቶባት፣ ቁስሉ ከሩቅ ይሸታል። አምስት ሆነን ገመድ ይዘን ሄድን፣ አምስታችንን ስታይ ድልድዩ ስር ገባች። ከዛ አንዷ ልጃችን ብቻዋን ጎኗን ሰጥታ ቁጭ አለች፣ በመረቅ የራሰ ዳቦ ፊቷ አስቀምጣ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሶስት ፍየሎች መጥተው ዳቦውን ጥርግ አርገው በሉት። ሌላ ዳቦ ገዝተን መጣን፣ እሱንም በሉት። ይሄኔ የፍየሎቹ ባለቤት አንዲት እናት ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ፣ «ፍየሌን በዳቦ አታላችሁ ልትወስዱ ነው!» እያሉ። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቀስ ብላ ነገሩን አስረዳቻቸው፣ እሳቸውም ዱላቸውን ጣሉና አጠገቧ ቁጭ አሉ። ውሻዋ ከድልድዩ ስር ወጥታ እኛን ሁላችንን አልፋ ቀጥ ብላ እሳቸው ጉልበት ላይ አገጯን አሳረፈች። ለካ ሁልጊዜ የእንጀራ ትርፍ የሚጥሉላት እሳቸው ኖረዋል። ሽቦውን ሐኪሙ እስኪያወጣው ድረስ ራሷን ይዘው «አይዞሽ የኔ ልጅ» ሲሏት ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን ይመጣሉ፣ ፍየሎቹንም አስከትለው።

ስም የለሽ፦ ደሞዝ አለው?

የለውም።

የመጋላው፦ አቦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ መርዳት እፈልጋለሁ ግን ምራቁ ነጃሳ ነው፣ ምን ላድርግ?

ከልጆቻችን ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው ወንድሜ። ጓንት አለ፣ ለግቢው ብቻ የሚለበስ ልብስ አለ፣ ውሃ ማመላለስና ምግብ ማብሰል ውሻ ሳይነኩ የሚሰራ ስራ ነው። አንዷ እህታችን ንፁህ አፈር በቆርቆሮ ይዛ ትመጣለች፣ ምራቅ ከነካት ሰባት ጊዜ ታጥባ አንዱን በአፈር ታደርጋለች፣ ከዛ ለሶላት ቤቷ ትሄዳለች። ተነክሰህ ከሆነ ግን ከአፈሩ ሌላ ሳሙናው 15 ደቂቃ ይቀጥላል።

የአዲስ ከተማው፦ ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም እኮ ተብሏል።

የሳቢያኗ፦ ቤትህ አስገባ ማን አለህ? ለጠማው ውሻ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውዬ ምህረት አገኘ የሚለው ሐዲስስ?

የአዲስ ከተማው፦ እሱን መች ካድኩ፣ ማጠጣት ሌላ ማሳደር ሌላ ነው ያልኩት።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የቀረውን ሸኻችሁን ጠይቁ። ይልቅ ሁለታችሁም ከበራችሁ ውጪ ጥላ ስር ውሃ አስቀምጡ። ጀሪካን ቁረጡና ጠዋትና ማታ ሙሉት፣ የድሬን ግንቦትና ሰኔ ታውቁታላችሁ። ውሻ እንደኛ በሰውነቱ ሁሉ አያልበውም፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፣ ለዛ ደሞ ውሃ ይፈልጋል። በቀትር አስፋልት ላይ አታስኬዱት፣ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ የሱም መዳፍ ይቃጠላል።

ሚስጥር፦ ውሻዬ አይበላም ምን ልስጠው?

ስንት ወሩ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? ውሃ ይጠጣል? ያስመልሰዋል? ተቅማጥ አለው? ምንም ሳትነግሪኝ ምን ልበልሽ። ቡችላ ከሆነና ትውከትና ደም ያለው ተቅማጥ ካለው ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ሚስጥር፦ አይቡፕሮፌን ብሰጠውስ?

በፍፁም። ሆዱንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። የሰው መድኃኒት አትስጡ፣ ሁላችሁም።

የጁገሉ፦ እኛ ሐረሮች ጋ ከናንተ ይልቅ ለውሻ ይከብዳል። ማታ ማታ ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ይገባል፣ ቡችሎቹን ምን እናድርግ?

አታሳድሯቸው ውጪ። ጅብ ውሻ ይበላል። ሲመሽ አስገቡ፣ ማለዳ አውጡ።

የከዚራው፦ አቦ ጅብ እያበላችሁ ስለ ውሻ ታዝናላችሁ?

የጁገሉ፦ የኛ ጅብ ከተማውን የሚያፀዳ ነው፣ በአሹራ ገንፎ እናቀርብለታለን፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ድሬ ገና ባቡር ሲመጣ የተቆረቆረች ከተማ፣ ስለ ቆየ ነገር ምን ታውቃላችሁ?

የከዚራው፦ ባቡሩንማ ተመኝታችሁት ቀረ!

በቃ፣ በቃ። ስለ ውሻ የሚጠይቅ አለ?

ቶማ፦ ትንሽ ቡችላ ነው የነከሰኝ፣ ጫር ነው ያደረገኝ፣ ደም ብዙ አልወጣም። ችግር አለው?

አሁን ከላይ ሁለቴ ፃፍኩ እኮ ወንድሜ! ቡችላም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዘዋል። ትንሽ ጭረትም መግቢያ ነው። አሁኑኑ ስልኩን አስቀምጥና ታጠብ፣ 15 ደቂቃ፣ ከዛ ጤና ጣቢያ። በሽታው ወዲያው አይታይም፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሶስት ወር ይቆያል፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ግን ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ከዛ በፊት ነው። ውሻውን 10 ቀን አስራችሁ እዩት ይባላል፣ ትክክል ነው፣ ግን 10 ቀን ቁጭ ብለህ ጠብቅ ማለት አይደለም፣ አንተ ክትባትህን ጀምረህ ነው ውሻው የሚታየው።

የአሸዋው፦ አያቴ በስር ነው ያዳነችኝ፣ ልጅ እያለሁ ነክሶኝ። ሆስፒታል አልሄድኩም።

እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈሃል። የነከሰህ ውሻ ግን ምናልባት በሽታው አልነበረበትም፣ የነከሰ ሁሉ አላበደም። ያበደ ውሻ ነክሷቸው በስር ብቻ ሲጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ፣ ልጁ ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ሲታነቅ ቆሜ አይቻለሁ። ፀበል ሂዱ፣ ዱዓ አስደርጉ፣ ግን ክትባቱን ወስዳችሁ። ለውሾቻችሁም ከሶስት ወር ጀምሮ አስከትቡ፣ በየዓመቱም ድገሙ። ከአንድ ከተማ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፣ እኛ ፀሐይ ላይ የምንንከራተተው ለዚህ ነው።

ቶማ፦ ታጥቤያለሁ። እየሄድኩ ነው።

ጎበዝ። ስትደርስ ፃፍልኝ።

የለገሃሯ፦ ትንሽ ሳቅ አምጪልን እስቲ፣ የሚያስቅ ገጠመኝ የለም?

ባቡርን ልንገራችሁ። ባቡር የምንለው ድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የተገኘ ነጭ ውሻችን ነው። እግሩ ተሰብሮ ለአንድ ወር ሐኪም ጋ በባጃጅ ሲመላለስ ባጃጅ ወደደ። በራችን ላይ ባጃጅ ከቆመ ዘሎ ይገባል። አንድ ቀን አንዲት አይናቸው የደከመ እማማ የተሳፈሩበት ባጃጅ እኛ በር ላይ መልስ ሊሰጥ ቆመ፣ ባቡር ከኋላ ገባ፣ ሹፌሩ አላየም፣ ሄደ። እማማ ቀና ሳይሉ «ልጄ ትንሽ ጠጋ በልልኝ፣ ወንበሩን ሙሉ ያዝከው» እያሉ እስከ አሸዋ ሰፈር ድረስ አብረው ሄዱ። ሲወርዱ ሊደግፋቸው ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ ሲያሳርፉ ነው ፀጉሩን ያወቁት። ሹፌሩ ባቡር አንገት ማሰሪያ ላይ በተፃፈው ስልክ ቁጥር ደወለልን፣ «ተሳፋሪያችሁ ሂሳብ አልከፈለም» ብሎ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሂሳቡን ከፍለን ተቀበልነው፣ ያ ሹፌር ዛሬ የታመመ ውሻ ሲኖር መጀመሪያ የምንደውልለት ሰው ነው፣ እማማም ባገኙን ቁጥር «ያ ጨዋ ልጅ ደህና ነው?» ይላሉ።

የከዚራው፦ ጀርመን ሸፐርድ አላችሁ?

የለንም። የኛዎቹ የድሬ ውሾች ናቸው፣ ሙቀቱን የለመዱ።

የለገሃሯ፦ ሴቷን ማምከን ኃጢአት አይሆንም?

በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች። ስንቱን ቡችላ ሞቶ ከመንገድ አንስቻለሁ። እኔ ኃጢአት አልለውም።

ቶማ፦ ክትባት ጀመርኩ። ነርሷ መታጠቤን ስነግራት «ማን አስተማረህ» አለችኝ።

ተመስገን! ቀጠሮዎቹን አንዱንም እንዳትዘል።

የሳቢያኗ፦ ቅዳሜ ልመጣ ነው። ስንት ሰዓት?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ ሳትከር። ክፍት ጫማ አታድርጊ፣ ረጅም ሱሪ ልበሺ። ዳቦሽን ከፍ አድርገሽ ያዥ፣ ፍየሎቹ በር ላይ ናቸው። ሳሙናም አምጪ፣ አልቆብናል።