ስለ ሕጻናት ማቆያና ስለ ሞግዚት ጠይቁኝ

እትዬ፦ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ማቆያ ውስጥ ነው። ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜና የሥራ ሰዓታችሁን ጻፉ።

አዲስ እናት፦ ልጄ 7 ወሯ ነው፣ ሥራ ልመለስ ነው። ጥሩ ማቆያ በምን ይታወቃል?

እትዬ፦ የግድግዳ ሥዕልና የአሻንጉሊት ብዛት አይሸውድሽ። መጀመሪያ አንዷ ተንከባካቢ ስንት ሕጻን እንደምትይዝ ጠይቂ። ከ1 ዓመት በታች ከሆኑ 3፣ ቢበዛ 4 ነው። ከዚያ ካለፈ ሴትየዋ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን እጅ ያጥራታል። የአንዱን ዳይፐር ስትቀይር ሌላው ያለቅሳል፣ ሦስተኛው ጡጦው በትራስ ተደግፎለት ብቻውን ይጠባል። ይህን ካየሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ ትን ሊለው ይችላል። ቀጥሎ ሠራተኞቹ ምን ያህል እንደሚቆዩ ጠይቂ። ሕጻን የሚረጋጋው በሚያውቀው ሰው ነው፤ በየወሩ ሞግዚት የሚቀያየርበት ቤት ልጁ ማንን ይልመድ? ስለ ደመወዛቸውም ጠይቂ፣ አትፈሪ። የሚለቁት ብዙ ጊዜ ክፍያው አላኖር ስላላቸው ነው። መኝታ ክፍሉንም እይ። ሕጻን የሚተኛው በጀርባ፣ በጠንካራ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ ነው።

ቢሮ ዋይ፦ ካሜራ ያለው አይሻልም?

እትዬ፦ ሳትናገር በቀን መሃል ብቅ በል። አትገባም ካሉህ ሌላ ፈልግ።

የመንትዮች እናት፦ ዋጋውስ?

እትዬ፦ የዋጋ ጥያቄ አልመልስም።

የድሮ ሰው፦ አያት እያለች ማቆያ ምን ያደርጋል?

የመንትዮች እናት፦ የእኔ እናት ወገቧን ታማለች፣ ሁለት ሕጻን ልጫንባት?

የድሮ ሰው፦ እኛን አያቶቻችን በሆዳችን እያስተኙ አሳደጉን፣ ምን ሆንን?

እትዬ፦ ክርክሩ ይብቃ። የሞቱት እዚህ መጥተው አይጽፉም። በጀርባ አስተኙ የሚለው ዘመቻ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕጻናት ቁጥር በብዙ አገር በጣም ቀንሷል። አያትም ትያዘው፣ ሞግዚት፣ በጀርባው ይተኛ!

ፈረቃ ሠራተኛ፦ 11 ወሩ ነው። ጠዋት ትቼው ስወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል፣ ሥራ ላይ ሆኜ እንባዬ ይመጣል።

እትዬ፦ አይዞሽ እህቴ። ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ከእናት መለየትን መፍራት የዕድሜው ነው። ግን ተደብቀሽ አትውጪ፣ እንዳያለቅስ ብለሽ ከጠፋሽ በሚቀጥለው ቀን ገና በር ላይ ይይዝሻል። ስሚው፣ እመለሳለሁ በይው፣ ለምትይዘው ሰው በእጇ ስጪያትና ሂጂ። በር ላይ አትመላለሺ። ከቻልሽ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አጭር አጭር ሰዓት እያዋልሽው አለማምጂው። ሳምንታት አልፈው አልበላ አልተኛ ካለ ግን ለቅሶ ብቻ ነው ብለሽ አትተይው።

አዲስ እናት፦ የታለበ ወተትስ ይቆያል?

እትዬ፦ አዲስ የታለበ ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። ስሟንና ቀኑን ጻፊበት።

እንግዳ፦ ጥሩ ማቆያ የቱ ነው?

እትዬ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብብ። የልጁን ዕድሜም አልጻፍክም።

ቢሮ ዋይ፦ ትኩሳት ከያዘው ማቆያው አይቀበልም፣ አለቃዬ ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። ምን ይሻላል?

እትዬ፦ ይህ ልጁ ማቆያ ሳይመዘገብ በፊት ከባለቤትህ ጋር የሚወሰን ነው። ሁልጊዜ እሷ ላይ አይውደቅ፣ ተፈራረቁ። ሁለታችሁም ስትቀሩ የሚይዝላችሁ ሰው አሁኑኑ አዘጋጁ፣ ስሙንም ለማቆያው በጽሑፍ ስጡ። ያልተመዘገበ ሰው መጥቶ ልጁን ቢጠይቅ እንዳይሰጡ።