ጥያቄና መልስ፦ ነጭ ባልሆነ መደብ ላይ መሣል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰዓሊዎች ነጩን ሸራ መጀመሪያ ቡናማ ወይም ግራጫ የሚቀቡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዓይን ቀለምን ለብቻው አይመዝንም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ያነጻጽራል። በነጭ ሸራ ላይ የመጀመሪያውን የቆዳ ቀለም ስታሳርፍ ከነጩ አንጻር የጠቆረ ይመስልሃል፤ ስለዚህ ታፈካዋለህ። ሸራው በሙሉ ሲሸፈን ፊቱ ገርጥቶ ታገኘዋለህ። መካከለኛ ድምቀት ካለው መደብ፣ ማለትም ከሥዕሉ ሥር አስቀድሞ ከተቀባ ቀለም፣ ብትነሣ ግን ከእሱ የጠቆረው ጥላ፣ የፈካው ብርሃን መሆኑን ከመጀመሪያው ታያለህ።

ጥያቄ፦ የትኛው ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥዕል? ጥያቄህን አሟላ።

ጥያቄ፦ ለመልክዓ ምድር።

መልስ፦ የተቃጠለ ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ፣ በስሱ። በቅጠሉ መካከል ሾልኮ ሲታይ አረንጓዴውን ያነቃዋል።

ጥያቄ፦ በባለቀለም ወረቀት ላይ በቾክ ስንሥልስ?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። እዚህ ወረቀቱ ራሱ ከቀለሞችህ አንዱ ነው። ጥቁሩ ቾክ ለጥላ፣ ነጩ ለብርሃን፤ የቀረውን ወረቀቱ ይሥለዋል። ጀርመናዊው ሰዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1508 እ.ኤ.አ. የሣላቸውን ለጸሎት የተጣመሩ እጆች ተመልከቱ። ሰማያዊ በተቀባ ወረቀት ላይ በብሩሽ የተሠሩ ናቸው፤ በነጩና በጥቁሩ ጭረት መካከል ሰማያዊው እንደ ሥጋ ሆኖ ያገለግላል። ጀማሪ ግን ነጭ ቾክ በእጁ ሲገባ ወረቀቱን እንደ ግድግዳ ይለስነዋል። ወረቀቱን አትሸፍኑት! ነጩንና ጥቁሩንም አታደባልቁ፤ አመድ የመሰለ ግራጫ ወጥቶ ከወረቀቱ ቀለም ጋር ይጣላል።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ያለፈበት ልማድ ነው። ኢምፕሬሽኒስቶች፣ እነዚያ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሰዓሊዎች፣ በነጭ ላይ ሥለው የለም?

ሌላ አባል፦ ሁልጊዜ አይደለም፤ ፈዘዝ ባለ ግራጫና ክሬም መደብ ላይም ሥለዋል።

የመጀመሪያው አባል፦ በጥቁር መደብ ላይ ይሥል የነበረው የጣሊያናዊው ሰዓሊ የካራቫጆ ሥዕሎች ታዲያ ለምን ጠቆሩ? መደቡ አይደለም?

መልስ፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉ። የጠቆረው ነገር ግን እውነትነት አለው፤ የዘይት ቀለም ዕድሜው ሲገፋ ብርሃን አሳላፊነቱ ይጨምራል፣ ከሥር ያለው ጥቁር መደብም ወደ ላይ ይወጣል። መካከለኛ ድምቀት ያልሁት ለዚህም ነው። መደብን ማጥቆርና መደብን መቀባት አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ለውሃ ቀለምስ?

መልስ፦ ተዉት። በውሃ ቀለም ብርሃኑ ነጩ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ መደቡን በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥነው የፕላስቲክ ቀለም) ቀብቼ በላዩ በዘይት ቀለም መሣል እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፤ በደንብ ይድረቅ። ተገላቢጦሹ አይሆንም፣ አክሪሊኩ ይላላጣል።

ጥያቄ፦ በዘይት ቀለም መደብ ላይ አክሪሊክ ብቀባስ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በግራጫ ወረቀት ላይ የሣልሁት ፊት ደብዛዛ ሆነብኝ።

መልስ፦ ነጩን የት የት አሳረፍሽው?

ጠያቂዋ፦ ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ፣ አንገቱ ላይ…

መልስ፦ ወረቀቱን አትሸፍኑት አላልሁም? ለስላሳ ላጲስ እየጫንሽ ነጩን አንሺው፤ ብርሃኑ በቀጥታ የሚያርፍበትን ብቻ አስቀሪ። ምናልባት የአፍንጫው ጫፍና የግንባሩ አንድ ጎን ይበቃል።