መልስ፦ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት የኮራል አኳሪየም

ዱባይ ቤትዎ ውስጥ በምዕራብ መስኮት አጠገብ ያለው አኳሪየም ኮራሎች (ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት) እየነጡ፣ መስተዋቱም አረንጓዴ እየያዘ መምጣቱን ገልጸው፣ አምፖሉን ልቀይር ወይ ብለው ጠይቀዋል። ኮራሎቹ እየነጡ የመጡት ከብርሃኑ ይልቅ በሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ አምፖሉን ከመቀየርዎ በፊት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የውኃውን ሙቀት ይለኩ። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማቸዋል፤ ከ30 በላይ ሆኖ ለቀናት ከቆየ ግን በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩትንና ምግብም ቀለምም የሚሰጧቸውን ጥቃቅን አልጌዎች (ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት) ያስወጣሉ።

ሙቀቱ ከፍ ካለ መስኮቱን ይጋርዱ፤ በውኃው ገጽ ላይም ማራገቢያ ያብሩ። ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘው ውኃውን በማትነን ነው፤ ጨው ግን አብሮ ስለማይተን፣ የጎደለውን የሚተኩት ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው። መስተዋቱ ላይ የያዘው አረንጓዴ አልጌ ደግሞ በውኃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉት፣ አልጌ የሚመገባቸው ንጥረ ነገሮች መብዛታቸውን ያመለክታል፤ ፀሐይዋ የምታፋጥነው ብቻ ነው።

ከልምድ የማስጠነቅቅዎ፣ መጋረጃውን በኋላ በአንድ ጊዜ እንዳይገልጡት ነው፤ ደብዘዝ ያለ ብርሃን የለመደ ኮራል ሙቀቱ ልክ ቢሆንም እንኳ በድንገተኛ ፀሐይ ሊነጣ ስለሚችል፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩለት።