ጥቁር ጉድጓድ በጀሪካን ውሃ፦ ጥያቄና መልስ

መነሻው ይሄ ነው። ጥቁር ጉድጓድ ማለት ስበቱ ከመበርታቱ የተነሣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የህዋ አካል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በ1981 የፊዚክስ ሊቁ ዊሊያም ኡንሩ በሚፈስ ፈሳሽ ውስጥ ድምፅ የሚሄድበት ቀመር፣ ስበት ባጎበጠው ህዋና ጊዜ ውስጥ ሞገድ ከሚሄድበት ቀመር ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። ፈሳሹ ሞገዱን ከቀደመው፣ ሞገዱ ሽቅብ መመለስ ያቅተዋል፤ ድንበሩ አድማስ ይባላል። ከወዲሁ ላስጠንቅቅ፦ ውሃው የሞገዱን መንገድ ይመስላል እንጂ ስበት አይሠራም። የአንስታይን እኩልታ ውሃው ውስጥ የለም።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ ጥቁር ጉድጓድ ምንድን ነው?

መልስ፦ መነሻውን አንብብ።

ከኮምቦልቻ፦ ያለ ላብራቶሪ በእጃችን የምንሞክረው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ አቦ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የመስኮት መስታወት አስቆርጡና ጠርዙን አስሞርዱት። ሰፊ ሳፋ ውስጥ በሦስት ብሎን ላይ አሳርፉት፤ አራት ካደረጋችሁ አንዱ ይንገዳገዳል። የግንበኛ ውሃልክ ተውሳችሁ በሁለት አቅጣጫ አስተካክሉ። በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁት። ቅባት ከቀረ ውሃው ይቆራረጣል፣ ሳሙና ከቀረ ደግሞ የውሃው የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጹን እንደ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘው ኃይል፣ ይወርዳል።

ከመስመር ቧንቧ በቀጥታ አትጠቀሙ። የፈረቃ ውሃ ግፊቱ ይዋዥቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ ቧንቧ ግጠሙ፤ ክዳኑ ይከፈት፣ አለዚያ ውሃው እየተንቦቀቦቀ ይወርዳል። 1 ሊትር በ20 ሰከንድ እንዲሞላ ክፈቱት። ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ደረጃው ሲወርድ ፍሰቱም ይደክማል። ስለዚህ አንድ ሰው በጆግ ይጨምር። ውሃው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይውደቅ፣ ከዚያ ከበለጠ ይረጫል።

መስታወቱ ላይ ክብ ቀለበት ይወጣል፤ ከመሃል እስከ ጠርዙ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ውስጡ ስስና ፈጣን ነው፣ ውጩ ወፍራምና ቀርፋፋ። የስፌት መርፌ ቀለበቱ ውስጥ ንከሩ። ውሃው ከመርፌው ጀርባ እንደ ጀልባ ፈለግ ሁለት ክንፍ ያወጣል። በክንፎቹ መካከል ያለውን አንግል ለሁለት ክፈሉት፤ የግማሹ ሳይን የሞገዱ ፍጥነት ለውሃው ፍጥነት ሲካፈል ነው። ግማሹ 30 ዲግሪ ከሆነ ውሃው የሞገዱን እጥፍ ይሮጣል። ከመሃል 2፣ 3፣ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ለኩ፤ ክንፉ እየተከፈተ ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ግማሹ ወደ 90 ይጠጋል። አድማሱ እሱ ነው። ስልካችሁ ቀጥ ብሎ ከላይ ያንሣ፣ ካዘነበለ አንግሉ ይዋሻል። ከመርፌው ፊት ለፊት ቀጫጭን ሽብሽብ ብታዩ አብሽሩ፤ የገጽ ውጥረት የሚነዳቸው አጫጭር ሞገዶች ከረጃጅሞቹ ይፈጥናሉ። ይህንኑ አንግል የለካ በ2011 የታተመ ሙከራ በውሃ ፋንታ የሲሊኮን ዘይት ነው የተጠቀመው።

ከሐይቅ፦ ምጣድ ላይስ? ለጥ ያለ ነው፣ ሰፊም ነው።

መልስ፦ አይሆንም። በጎመን ዘር የታሸ ነው፣ ውሃ አይዘረጋበትም።

ከቦሩ ሜዳ፦ ኧረ በአላህ! ደህና የተሟሸ ምጣድ ላይ ውሃ? ሊሰነጠቅ እኮ ነው!

ከሐይቅ፦ የኤሌክትሪኩን ማለቴ ነው።

ከቦሩ ሜዳ፦ የባሰ!

መልስ፦ የምጣዱ ነገር ይብቃ።

ከደሴ ፒያሳ፦ እንዲያው ቀለበቱ ጥቁር ጉድጓድ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ነጭ ነው። የውጩ ሞገድ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። ጥቁሩን የምታገኙት ውሃ እየተሽከረከረ በቀዳዳ ሲወርድ ነው፤ በ2017 ኖቲንግሃም ላይ በእንዲህ ያለ ገንዳ የተላከ ሞገድ ጎልብቶ ሲመለስ ተለክቷል።

ከወልድያ፦ «ጉድጓድ» ስንል ታች ያለው ይመስላል፣ «ቀዳዳ» ይሻላል።

ከደሴ ፒያሳ፦ ቀዳዳ ደግሞ ወዲያ ማዶ መውጫ ያለው ይመስላል። ጉድጓድ ይሁን።

መልስ፦ ኡንሩ ድምፅ የማያመልጠውን ጉድጓድ «ዲዳ» ብሎታል። ዲዳ ጉድጓድ በሉትና እረፉ።

ከኮምቦልቻ፦ የሆኪንግን ጨረር በመስታወቱ ላይ እናየዋለን?

መልስ፦ አናይም። ሆኪንግ ከጥቁር ጉድጓድ አድማስ ይወጣል ብሎ የተነበየው ደካማ ጨረር ነው፤ ሙቀቱ የሚወሰነው አድማሱ ላይ ፍጥነቱ በምን ያህል ርቀት እንደሚለዋወጥ ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ቢለዋወጥ የሚወጣው 12 ፒኮ ኬልቪን ገደማ ነው (ኬልቪን ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው፣ ፒኮ የትሪሊዮን አንድ እጅ)፤ የጀሪካኑ ውሃ ወደ 290 ኬልቪን ነው። ለዚህ ነው ጄፍ ስታይንሃወር ሃይፋ ላይ እጅግ የቀዘቀዘ የሩቢዲየም አቶም የተጠቀመው። በ2019 ያወጣው የጨረሩ ሙቀት ልክ 0.35 ናኖ ኬልቪን ነው፤ ናኖ የቢሊዮን አንድ እጅ ነው።

ከደሴ ፒያሳ፦ ስለዚህ ሆኪንግ ተረጋገጠ!

ከወልድያ፦ የተረጋገጠው የድምፁ ጉድጓድ ጨረር ነው፣ የሰማዩ ጥቁር ጉድጓድ አይደለም።

መልስ፦ ወልድያ ልክ ነው። ሂሳቡ አንድ ስለሆነ ተስፋ ይሰጣል። ግን አሁንም ልድገመው፦ መንገዱን እንጂ ስበቱን አይሠራም።

ከሐይቅ፦ የሚሰፋው ዩኒቨርስስ?

መልስ፦ በ2018 የታተመ ሥራ አለ፤ እንደ ቀለበት የታሰረ የቀዘቀዘ አቶም በፍጥነት ሲለጠጥ የድምፁ ሞገድ አብሮ ረዘመ። ዝርዝሩ ሌላ ቀን።

ከወልድያ፦ በዚህ ወደ ትናንት መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ቀጣይ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ሠራሁት፤ ግን ቀለበቱ እንቁላል መሰለ።

መልስ፦ መስታወቱ አዘንብሏል። ቀለበቱ በረዘመበት በኩል ያለውን ብሎን ሩብ ዙር ከፍ አድርግና እንደገና በውሃልክ እየው።